ጎን ሁለት

በ1979 ዓ.ም ክረምት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወረታ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ስድስት ባዶ ካሴትና ከመምህሬ የተዋስሁት ቴፕ ነበር። የአማርኛ ተማሪ ነበርሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአገሬን ሥነ ቃል እንድሰበስብ ታዝዣለሁ፤ ርእስ መምረጥ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። በጌምድር ተወልዶ፣ በቀረርቶና በፉከራ መሀል ያደገ ልጅ ከአዳኝ ግጥም ሌላ ምን ይመርጣል? ቆላ ወርደው ዝሆን የጣሉ፣ ጎሽ ገድለው የተመለሱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ከወረታ እስከ ይፋግ፣ ከይፋግ እስከ ደብረ ታቦር ሞልተው ነበር። መሬቱን አዋጅ ወስዶታል፤ ግጥሙ ግን ከቤቱ አልወጣም። እየዞርሁ ጠላቸውን ጠጣሁ፣ ድምፃቸውን ቀዳሁ። አምስት ካሴት ተኩል ሞላ።

የቀረው ግማሽ ካሴት ነው ይኸው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ባለስሙ የአገራችን አደን ለሆድ የሚወጣ አደን አልነበረም። ሥጋው ለአሞራና ለጅብ ይቀራል፤ ወደ ቤት የሚመጣው ስሙ ነው። ዝሆን የጣለ ጭራውን ቆርጦ ይገባል፤ አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ራሱ ላይ ይደፋል፤ ጆሮው ተበስቶ ሎቲ ይንጠለጠልለታል። ሴቶች በእልልታ ይቀበሉታል፤ እሱም ዘራፍ ብሎ ከዱሩ እስከ ደጁ የሆነውን ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ በሠርግም በለቅሶም ግዳዩ ከስሙ ጋር ይጠራል፤ ሲሞትም ልጆቹ ይወርሱታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1772 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር ሲያቀና፣ ጨርቂን በምትባል ቦታ ከጎንደሯ እመቤት ከወይዘሮ አስቴር ልጅ ከአይቶ ኮንፉ ጋር ዝሆን አደን ወጥቶ ነበር። ያየውን በዝርዝር ጽፎታል። ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ይቀመጣል። የፊተኛው የራሱን ስም፣ የፈረሱን ስም እየጠራ፣ አባትህን እዚህ ቦታ አያትህን እዚያ ቦታ የገደልሁ እኔ ነኝ እያለ ዝሆኑን ይተናኮለዋል። ዝሆኑ በቁጣ ወደ እሱ ሲዞር የኋለኛው ጎራዴውን ይዞ ተንሸራትቶ ይወርድና የተረከዙን ጅማት ይበጥሰዋል። ብሩስ የጻፈውን ያነበበ ጎንደሬ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ፉከራ ነው፤ ሰው ቢጠፋ ለዝሆን የተፎከረ ፉከራ።

ይህ ዓይነቱ አዳኝ መዝጋቢ አጥቶ አያውቅም። አገሩ በግጥም ይዞታል፤ መንገደኛው በመጽሐፍ ይዞታል። ፈረንጁም ለአደን ሲመጣ ራሱን በራሱ መዝግቧል። እንግሊዛዊው ፓወል ኮተን በ1900 እ.ኤ.አ. ስሜን ወጥቶ ዋልያ አደነ፤ በ1902 የጉዞውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ኬንት ውስጥ ያሉት ግዳዮቹም ሙዚየም ቆሞላቸው እስከ ዛሬ በትኬት ይታያሉ። ለስም ያደነ ሁሉ ስሙ ተርፏል።

አሁን ወደ ውሃው ዳር ልምጣ።

ከወረታ ወደ ምዕራብ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ወደሚገቡበት ወደ ጣና ሲወረድ፣ በደንገሉና በቄጠማው መሀል ነገደ ወይጦ የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። ዛሬ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ታንኳ ያስራሉ፣ ያርሳሉ። የጥንት ሥራቸው ግን ጉማሬ ማደን ነበር። ጉማሬ ከጎሽ የማያንስ ገዳይ ነው፤ ታንኳን ከሥሩ ገልብጦ ሰውን በመንጋጋው ለሁለት ይከፍላል። ይህን አውሬ ከደንገል በታሰረ ታንኳ ላይ ቆሞ በጦር የገጠመ ሰው ጆሮው አልተበሳለትም። ቢፎክር የሚሰማው፣ ቢገድል እልል የሚልለት ከወገኑ በቀር አልነበረም። ጥፋቱ አንድ ነው፤ የገደለውን በላው። ክርስቲያኑ ረከሰ አለው። እስልምናን ሲቀበልም ሌላው እስላም ጉማሬ በል ነው ብሎ ከማዕዱ አራቀው። የአንዱ ግድያ ጀግንነት፣ የሌላው ግድያ ርኩሰት ሆኖ ስንት መቶ ዓመት ኖርን።

የጉማሬ አለንጋ ግን በየባላባቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ቤትም ነበር። ቆዳውን ማን እንደገፈፈው ሲጠየቅ አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ወረታ ገበያ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ከየበረንዳው ስር ይወጣል። የደንገል እንቅብ ደርድረው ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አያንስም፤ ደረታቸው ግን ታንኳ የቀዘፈ ሰው ደረት ነው። ቴፑ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የነማንን ነው የምትቀዳው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የአዳኞችን፣ አባቴ።»

ዝም ብለው ቆዩ። እንቅባቸውን አገላበጡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እኔስ?» አሉ።

መልስ አጣሁ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ ወይም ቅያሜውን ከለመዱት ቆይተዋል። በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ጉማሬ ያድኑ እንደነበር ነገሩኝ። ጦሩ ገመድ እንዳለው፣ የወጋ ሰው ገመዱን መቼ መልቀቅ እንዳለበት ካላወቀ ከታንኳው ጋር እንደሚሰጥም ነገሩኝ። አውሬው ሲወድቅ የሚባል ነገር አለ አሉኝ፤ ሌሊቱን የሚባል፣ ሽማግሌ የሚያወርደው። ብልቱን ሲያወጡም እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ ነው። «እናንተ የምታውቁት ስም አይደለም» አሉ፤ እጃቸውን ከመንጋጋቸው ጀምረው ወደ ታች እየሄዱ።

«አሁን ይበሉልኝ» አልኋቸው፤ እጄ የቴፑ ቁልፍ ላይ ነው።

«ገበያ ላይ አይባልም። አሁን ሜዳው ውሃ ነው፣ አትደርስም። ውሃው ሲጎድል ቤቴ ና። አድረህ ትሰማለህ።»

ያን ዕለት ማታ በኩራዝ ብርሃን ስድስተኛውን ካሴት አወጣሁ። ጎን 1 ሞልቷል። በወረቀቱ በሁለተኛው ረድፍ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጎን 2፦ የጉማሬ አደን፣ ጣና ዳር» ብዬ ጻፍሁ። ያን ስጽፍ ከልቤ ነበር። ይህን ለራሴ የምመሰክርለት አንድ ነገር ነው።

በወረታና በጣና መሀል ያለውን የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ክረምቱን ምክንያት አድርጌ ብናገር ያምነኛል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳውና ሐይቁ አንድ ይሆናሉ፤ ከብቱ ወደ ዳገት ይወጣል፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በታንኳ ይገናኛል። ስለዚህ የክረምቱን አልቆጭም። መስከረም ላይ ወደ ትምህርቴ መመለሴንም አልቆጭም። የሚያቃጥለኝ የካቲት 1980 ነው።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ አሥር ቀን ወረታ ነበርሁ። ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጓያውና ሽምብራው ደርሷል። መንገዱ ለእግር አይደለም ለመኪና ይመች ነበር። ማልዶ የተነሳ ሰው ለምሳ ውሃው ዳር ይደርሳል። ቴፑም ነበር፤ መምህሬ እስከ ሰኔ ያዘው ብሎኛል። ባትሪም ገዝቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ለእናቴ ነገርኋት፤ ጣና ዳር ሄጄ አንድ ሽማግሌ ቤት ላድር ነው አልሁ። የማን ቤት እንደሆነ ስነግራት እጇን ከሊጡ አወጣች።

«ውሃ ጠጣ ቢሉህ ልትጠጣ ነው?»

ይችን አንዲት ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። አልተቆጣችም፣ አልከለከለችኝም። እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ስለ ሕዝቦች እኩልነት በየስብሰባው እጄን አውጥቼ የምናገር። «አዎ፣ እጠጣለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። በአራተኛው ቀን ደከመኝ አልሁ፤ በአምስተኛው ጓደኛ መጣብኝ፤ በስድስተኛው ለመጪው ክረምት አቆየሁት። ሰው ቢጠይቀኝ ሰነፍሁ ብዬ እመልስ ነበር። ስንፍና አልነበረም። የዚያን ሰው ጽዋ መያዝ ፈርቼ ነው፤ ጽዋውን ይዤ ወረታ መመለስን፣ ሰፈር እንዲሰማ አልፈለግሁም። ይህን ለማመን ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለመጻፍ ደግሞ ከዚያ በላይ።

ካሴት ያን ጊዜ ውድ ነበር። አንድ ምሽት ጓደኛዬ አዲስ የወጡ ዘፈኖች ይዞ መጣና ባዶ ካሴት አለህ ወይ አለኝ። እዚያ ጎን 2 ላይ ገለበጥናቸው። ሠላሳ ደቂቃ። እስክስታ እየመታን።

ሐምሌ 1980 ተመርቄ ስመጣ፣ የዕቃው ተራ እንደ ወትሮው ሞልቶ እሳቸው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ጠየቅሁ። ሚያዝያ ላይ አረፉ አሉኝ። ጽሑፌ ኤ አግኝቶ ነበር፤ የአዳኝ ግጥሞች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ፣ አንድ ሽማግሌ ታሪካቸውን ሳይነግሩኝ ሞቱ ብዬ እንደ ሌላው ሰው ቆጭቶኝ ይቀር ነበር። በየቤታችን ስንት አያት ሳይጠየቅ ሞቷል። የእኔን የከፋ ያደረገው በኋላ ያነበብሁት ነው።

በ1983 ዓ.ም አዲስ አበባ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ጣና ሳገላብጥ የእነዚህ ሰዎች ስም ወጣ። ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር በነበረ ጊዜ ወይጦዎች በአበሻ አገር ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ሰምቷል። ሊመረምረው ፈልጎ ንጉሡን ለመነ፤ ሁለት ሰዎች ተይዘው ቀረቡለት። ጠየቃቸው፤ አልመለሱም። ትሰቀላላችሁ ተብለው ሲዛትባቸው እንኳ አልተናገሩም። ቋንቋውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው፣ በገመድ አስፈራርቶ አንዲት ቃል ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ መቶ ሠላሳ ሰባት ዓመት ዝም። በ1907 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግርዮል በጣና በኩል ሲያልፍ ያንኑ አረጋገጠ፤ ግን አንድ ነገር ጨመረ። አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋቸው ዘፈን ዘፈነ። ዘፋኙ ራሱ ትርጉሙን አያውቀውም። በቋንቋው ይታወቁ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ቃላት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የጉማሬ ብልት ስሞች።

መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ስድስት ኪሎ በር ላይ ለስንት ሰዓት እንደቆምሁ አላውቅም። የሽማግሌው እጅ ነበር የሚታየኝ፤ ከመንጋጋቸው ጀምሮ ወደ ታች ሲሄድ።

ግርዮል የሰማውን ዘፈን አልጻፈውም። ዘፈኑ የትም የለም። ድምፅ መቅጃ ስላልነበረ አይደለም፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ግርዮል ራሱ በ1932 ተመልሶ ጎንደር ሲመጣ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን አስነቅሎ፣ በምትካቸው ቅጂ አስለጥፎ፣ ዋናዎቹን ፓሪስ ወስዷል። ለሥዕሉ ሸክምና መርከብ ተገኘለት። ለዘፈኑ እርሳስ እንኳ አልተገኘም። የቋንቋ ሊቁ ማርሴል ኮኸን በ1939 ከአማርኛቸው ውስጥ የተረፉ ቃላትን ለይቶ አሳተመ፤ እግዜር ይስጠው፤ ዛሬ ያለን ጭላጭ ያ ነው።

ቋንቋ ሲሞት የጉማሬ ብልት ስም ለምን ተረፈ? ይህን ለመመለስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቅርጫ የገባ ሰው ያውቀዋል። በሬ ታርዶ መደብ ሲወጣ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ፍሪምባው፣ ሻኛው በስሙ ካልተጠራ ድርሻ አይደለደልም። አንዲት ሙሽራ የዶሮውን 12 ብልት ለይታ ካላወጣች ሙያዋ ይጠየቃል። ስሙ ያለው ቢላዋው ላይ ነው። ነገደ ወይጦም በገበያ በአማርኛ ተገበያየ፣ በአማርኛ ታማ፣ በአማርኛ ተሰደበ። አውሬው ወድቆ ወገን ብቻውን ሲሰበሰብ ግን ቢላዋው የአያቶቹን ቃል ይጠይቅ ነበር። አደኑ እስካለ ቃሉ ኖረ። ጠመንጃው በዝቶ ጉማሬው ሲመናመን፣ የአደን ሕግ ሲወጣ፣ ቃሉ የሚቆርጠው ሥጋ አጣ። የመጨረሻው መሸሸጊያው የሽማግሌ ትዝታ ነበር።

ስንት ጊዜ እንዳሰላሁት። 1928 እ.ኤ.አ. በእኛ 1920 ዓ.ም መሆኑ ነው። ሽማግሌው በ1979 ሰማንያ ከነበሩ ያን ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ናቸው፤ ከአባታቸው ታንኳ ላይ ያልወረዱ። የግርዮልን ዘፋኝ ያውቁት ይሆን? የወንድማማች ልጆች ይሆኑ ይሆን? ሌሊቱን የሚባለው፣ ሽማግሌ የሚያወርደው፣ ያ ዘፈን ይሆን? ላይሆንም ይችላል። በአማርኛ የሚባል ተራ የአደን ዜማ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቁጭቱ የማይበርደው፤ ምን እንዳጣሁ እንኳ በቁርጥ አላውቅም። ምን እንደነበር የሚነግረኝ አንድ ሰው ነበር፤ ሁለት መቶ ዓመት ፈረንጅ ሲፈልገው የነበረውን ቤቴ መጥተህ ስማ አለኝ። ብሩስ ገመድ ነበረው፣ ግርዮል መርከብ ነበረው። እኔ ግብዣ ነበረኝ። የምንነጋገርበት አንድ ቋንቋ ነበረን። ከቤቴ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፤ የጎደለኝ አንድ ጽዋ ውሃ መጠጣት ነበር።

ከቃሉ ጋር ስንት እውቀት እንደሄደ ሳስበው ይብስብኛል። ጉማሬው በየትኛው ወር ወደ የትኛው ወንዝ አፍ እንደሚገባ፣ ሌሊት በየት መንገድ ወጥቶ እንደሚግጥ፣ ግልገል ያላት እንስት የት እንደምትሸሸግ ከእነዚህ ሰዎች በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ተከራይቶ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት የሚሄድ እንግዳ ጉማሬ ልይ ብሎ ገንዘብ ይከፍላል። በባሌና በአርሲ የደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጣ የውጭ ሰው ደግሞ ለአንድ እንስሳ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፤ ዱካ የሚያነብለት የአገሩ ሰው ከፊቱ ይሄዳል። ዱካ አንባቢዎቻችንን ግን እኛ ረክሰዋል ብለን ከሜዳ አስወጣናቸው። ጠባቂ፣ መሪ፣ አስተማሪ መሆን የሚችሉትን።

ሜዳውም ያው ሜዳ አይደለም። ወላላና ሸሸር የሚባሉት ረግረጎች ወፍ የሚሰፍርባቸው፣ ዓሣ የሚራባባቸው ነበሩ፤ በውሃ መሳቢያ ሞተር ተመጥጠው፣ ሲሸሹ እየተከተልን አርሰናቸው ተመናምነዋል። ሩዙ ለወረታ እንጀራ ሆኗል፣ አልክድም፤ እኔም እበላዋለሁ። ደንገሉ ግን ተመንጥሯል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እምቦጭ ውሃውን ለብሶታል። በ2015 ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግበው ባሕር ዳር በዓል ነበር፤ እኔም በቴሌቪዥን አየሁት። ስለ ታንኳ ተወራ፣ ስለ ወፍ ተወራ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው የሚሠራው። ልብሱ ላይ ገለባ አለ፤ በሩ ላይ ቆሞ አራገፈው። ግባ ብዬ አስቀመጥሁት። ባለቤቴ ውሃ አመጣችለት። ብርጭቆውን ተቀብሎ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ጠጣ።

«ጋሼ፣ የአያቴን ድምፅ ቀድተው ነበር ይባላል» አለኝ። አያቱ ከገበያ ሲመለሱ፣ አንድ ተማሪ በካሴት ሊይዘኝ ነው ብለው ለቤቱ ሁሉ ተናግረው ነበር አለ። ያን በጋ ሙሉ አዲስ ሰሌን አስነጥፈው እንግዳ ይመጣል ይሉ ነበር፤ እናቱ የነገረችው ነው። እንግዳው መጥቶ ቀድቶ ሄዷል ብለው ነው ልጆቹ ያደጉት።

መሳቢያውን ከፍቼ ካሴቱን አወጣሁ። የመደበቅ ድፍረት አልነበረኝም፤ የመናገርም ድፍረት ገና አልመጣም። ተቀበለኝ። የደበዘዘውን ጽሑፍ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበው፤ ጎን 2፣ የጉማሬ አደን፣ ጣና ዳር። ፊቱ በራ። ባሕር ዳር ካሴት ወደ ስልክ የሚገለብጥ ልጅ እንደሚያውቅ፣ እናቱ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ደኅና እንደሆነ፣ ዛሬውኑ ወስዶ ነገ እንደሚመልስልኝ ይነግረኝ ጀመር። እስኪጨርስ ጠበቅሁ።